አራት ጊዜ የተሰፋው ጥራዝ

አስቀድሜ ሰዎቹን ልቁጠር፤ ማን ምን እንደ ነበረ ሳይታወቅ መፍረድ አይገባምና።

መሪጌታ ልሳነወርቅ፤ መምህሬ። ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ፣ ከአንድ የአበሻ ግሮሰሪ በላይ ባለች ክፍል ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ማኅሌት ሲቆሙ ድምፃቸውን የሰማ ሰው ሁለት አውቶቡስ ቀያይሮ መምጣቱን ይረሳል ይባልላቸው ነበር።

ወይዘሮ የሺእመቤት፤ መጽሐፉን ያመጡት። ስካርቦሮ ውስጥ ሁለት ወንዶች ልጆች ያሳደጉበት ቤት ነበራቸው።

አቶ ፈንታ፤ የወይዘሮ የሺ ባለቤት። ታክሲ ነጂ ነበሩ። እኔ በሕይወት አላየኋቸውም። ዝምተኛ ሰው ነበሩ ይላሉ፤ ዝምታቸው ስንት ሥራ ይሠራ እንደ ነበር የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

ሊዲያ፤ ልጄ። እዚሁ ቶሮንቶ ተወልዳ ያደገች። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው።

ግርማቸው፤ እኔ። መጽሐፍ ደጓሽና ጠጋኝ ነበርኩ። ባለፈው ጸደይ ጡረታ ስወጣ የሥራ ባልደረቦቼ ኬክ ቆርሰው፣ «በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ መጽሐፍ እንኳ አላበላሸህም» ብለው አጨበጨቡልኝ። እኔም አመስግኜ ኬኩን በላሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ያ ጭብጨባ አላስቀምጥ አለኝ። ይህን የምጽፈው ስለዚህ ነው።

ወደዚህ አገር ስመጣ የተማርኩት እስከ ዘጠነኛ ክፍል ነበር። መጀመሪያ የሠራሁት ኢቶቢኮ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካለ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ካርቶን ማንሳት። ከመጋዘኑ ጎን አንድ የጥራዝ ፋብሪካ ነበር። በምሳ ሰዓት በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። ባለቤቱ ሽማግሌ ፖርቱጋላዊ ነበር፤ አንድ ቀን፣ «ዝም ብለህ ከምታይ ግባና ጥረግ» አለኝ። ስጠርግ ቆየሁ፤ ሊጣሉ የወጡ አሮጌ መጻሕፍትን ቤቴ ወስጄ እየፈታሁ፣ እየሰፋሁ፣ ደግሞ እየፈታሁ በራሴ ተማርኩ። ክፍያው ትንሽ ነበር፤ አላማርርም። ከዚያ የከተማው አንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት የጥገና ክፍሉ ውስጥ ሰው ሲፈልግ ገባሁ፤ እዚያው አረጀሁ።

ዛሬ ያ ክፍል የካሜራ ክፍል ሆኗል። መጽሐፍ ሲመጣ ፎቶ ይነሳና ሣጥን ውስጥ ይገባል። መስፋት የሚያውቅ ሰው አይፈለግም። ፎቶ ያነሱት መጽሐፍ የተነበበ የሚመስላቸው ልጆች ናቸው አሁን ያሉት። አልፈርድባቸውም፤ ቀጥሎ የምናገረው እኔ ከእነሱ እንደማልሻል ያሳያል።

ከመሪጌታ ጋር ያገናኘን አንድ የብራና መጽሐፍ ነው። ለቤተ መጻሕፍቱ ተሰጥቶ ማንም የማያነበው ሆኖ ሲቀመጥ አለቃዬ ጠራችኝ። ፊደሉን አነበብኩላት፤ ግእዙን ግን አልሰማውም። ሰው ጠይቄ ዳንፎርዝ ሄድኩ። መሪጌታ በሩን ከፍተው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፣ «እጅህን ታጥበሃል?» አሉኝ። የመጀመሪያ ቃላቸው ይህ ነበር።

አሠራራቸውን ላስረዳ፤ እንዲህ ያለ ሰው ሁለተኛ አላየሁምና። መጽሐፍ ሲቀርብላቸው አይገልጡትም። አስቀድመው ያሸቱታል፤ «ጭስ ያለበት ቤት ኖሯል» ወይም «ውኃ ጠጥቷል» ይላሉ። ቀጥሎ የቅጠሎቹን ማዕዘን ያያሉ፤ ብዙ የተነበበ ቅጠል ማዕዘኑ በአውራ ጣት ወዝ ጠቁሮ ይገኛል፤ ያልተነበበው ነጭ ነው። ከዚያ ከመጨረሻው ቅጠል ይጀምሩና ወደ ፊት ይመጣሉ፤ «ሌባ በጓሮ ነው የሚገባው» ይላሉ። እያንዳንዱን ቅጠል ወደ መስኮቱ አንሥተው በብርሃን ያዩታል። ጠረጴዛቸው ሦስት ቦታ ነበረው። በቀኝ የተቀበሉት፣ በግራ ያልተቀበሉት፣ በመስኮቱ በኩል ደግሞ «ይቆይ» የሚሉት። ብዙው «ይቆይ» ላይ ይውል ነበር። ሦስት ዓመት እዚያው የተቀመጠ መጽሐፍ አውቃለሁ።

አንድ ቀን አለቃዬ በምሳ ሰዓት፣ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የትኛው እንዲገባ የወሰነው አንድ ንጉሥ በጠራው ጉባኤ በድምፅ ብልጫ ነው አለችኝ። ይህንኑ ለመሪጌታ ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

«እጅ አውጡ ተብሎ? የቀበሌ ስብሰባ አደረገችው እኮ!»

«ታዲያ እንዴት ነው?»

«በማንበብ ነው፣ ግርማቸው። ሁለት መቶ ሦስት መቶ ዓመት በማንበብ።»

ያስረዱኝን በራሴ ቃል ልጻፈው። በመጀመሪያ ዘመን እያንዳንዱ ማኅበር የየራሱ ሣጥን ነበረው። ከሐዋርያ የመጣ ደብዳቤ ይነበባል፤ ይገለበጥና ለጎረቤት ከተማ ይላካል። በጉባኤ ፊት ጮክ ተብሎ የተነበበ፣ ከአባቶች ከተቀበሉት እምነት ጋር የተስማማ፣ በሩቅም በቅርብም ያሉ ማኅበራት የተቀበሉት ቀረ። ስለ ራእይ የሚናገረው የመጨረሻው መጽሐፍ በምሥራቅ ለብዙ ዘመን ተጠርጥሯል። ስለ አንድ እረኛ የሚናገር ሌላ መጽሐፍ ደግሞ ሁሉ የሚወደው ነበር፤ ነገር ግን የተጻፈው በቅርብ ጊዜ መሆኑ ስለታወቀ፣ በቤት ይነበብ እንጂ በጉባኤ አይነበብ ተባለ። በኋላ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ በትንሣኤ ደብዳቤው አንድ በአንድ ዘረዘረ፤ እነዚህን ተቀበሉ፣ እነዚህ ለጀማሪ ይጠቅማሉ፣ ከእነዚያ ራቁ ብሎ። «እሱም ቢሆን ደብዳቤ ነው፤ በአንድ ቀን ሁሉን አልዘጋውም» አሉኝ መሪጌታ። «እኛ ሰማንያ አሓዱ ብለን እንቆጥራለን፤ ሌላው ሌላ ይቆጥራል።»

ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት የአንድ የአንጾኪያ ጳጳስ ነገር ነበር። ወደ አንዲት ከተማ ሄዶ ሳለ ሰዎቹ በሐዋርያ ስም የተጠራ አንድ ወንጌል ለማንበብ ፈቃድ ጠየቁት። ሳያነበው «አንብቡት» አላቸው። ቤቱ ከተመለሰ በኋላ አስመጥቶ ሲያነበው፣ አብዛኛው ደግ ሆኖ በመካከሉ ባዕድ ነገር ተሰንቅሮበት አገኘ። ወዲያው ስሕተቱን ገልጦ ጻፈላቸው።

«ጳጳስ ነው» ይላሉ መሪጌታ ጣታቸውን አንሥተው፤ «'ሳላነብ ፈቅጄ ነበር' ብሎ በገዛ እጁ ጻፈ። እኔ ስለ ትምህርቱ አይደለም የማከብረው፤ ስለዚህች ነው።»

ሌላም ነበር። የሮም ነገሥታት የክርስቲያኖች መጻሕፍት ይቃጠሉ ብለው ባዘዙ ጊዜ ወታደር በር ላይ ቆሞ «መጻሕፍታችሁን አምጡ» ይል ነበር። ያን ጊዜ የትኛው መጽሐፍ ቅዱስ ነው የሚለው የአፍ ክርክር ብቻ አልነበረም፤ የሞት ሽረት ነበር። አንዳንዱ በወንጌሉ ምትክ የመድኃኒት መጽሐፍ አውጥቶ ሰጠ። አንዳንዱ ወንጌሉን ሰጥቶ ዕድሜውን ሙሉ ከሃዲ ተባለ። አንዳንዱ ሞተ። ስለዚህ መሪጌታ ለማንኛውም መጽሐፍ ሦስት ጥያቄ ነበራቸው። ማን ሰጠህ፣ እንዴትስ ይዞት ኖረ? በቀን ብርሃን በጉባኤ ፊት ጮክ ብሎ የሚያነበው ማን ነው? ወታደር በር ላይ ቢቆም ትሰጠዋለህ ወይስ ትሞትለታለህ?

ከጊዜ በኋላ ቤተ ክርስቲያናችን ለሁለታችን ሥራ ሰጠችን። ስካርቦሮ ውስጥ፣ ቀድሞ መጋዘን የነበረ ቤት ነው ቤተ ክርስቲያኑ። ቀድመው የመጡት አባቶች እየሞቱ፣ ግእዝ የማያነቡት ልጆቻቸው የአባቶቻቸውን መጻሕፍት በፌስታል ይዘው መምጣት ጀምረው ነበር። የትኛው ዕቃ ቤት ይግባ፣ የትኛው ይመለስ የሚለውን እንድናይ ታዘዝን። እኔ ጥራዙን እመረምራለሁ፣ እጠግናለሁ፣ ቅጽ ላይ እፈርማለሁ፤ እሳቸው ያነባሉ። ዓመታት ሲያልፉ ግን ዓይናቸው ደከመ፤ የእኔ ግእዝ ደግሞ ትንሽ ተሻሻለ። ቀስ በቀስ ማንበቡንም ለእኔ ተዉልኝ። «ከጫፍ እስከ ጫፍ አየኸው?» ይሉኛል፤ «አየሁት» እላለሁ። እውነትም አየው ነበር።

ወይዘሮ የሺእመቤት የመጡት በጥር ወር፣ በረዶ በተቆለለበት ሰንበት ነው። ባለቤታቸው ከሞቱ ስምንት ወር ሆኗቸው ነበር። መጽሐፉ በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ እንዳለ በነጠላ ተጠቅልሏል።

«የባለቤቴ የአባቱ መጽሐፍ ነው። ባለቤቴ በሱዳን በረሃ በጀርባው ተሸክሞ ያወጣው ይህን ብቻ ነው። ያኖረን ይህ ነው ይል ነበር» አሉኝ። «ልጆቼ አያነቡትም። እዚህ ይነበብ።»

ከማን እንደመጣ ጠየቅሁ፤ ጻፍኩ። እንዴት ይዘውት እንደ ኖሩ ግን አልጠየቅሁም። ሰዓቱ ሄዶ ነበር፣ መኪናዬን በረዶ እየሸፈነው ነበር፣ ሴትዮዋም ያለቅሱ ነበር። ምክንያት አይጠፋም።

ቤቴ ወስጄ በነጋታው ከቀትር በኋላ ፈታሁት። ያማረ የዮሐንስ ወንጌል ነበር፤ ጽሕፈቱ ጥንቁቅ፣ ማዕዘኖቹ በአውራ ጣት የጠቆሩ። የመጨረሻው ጥራዝ፣ ማለትም አብረው ታጥፈው የተሰፉት የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ላይ ስደርስ ግን ሳቅሁ። አራቱ ቅጠሎች በሦስት ጎን፣ በጫፋቸው ዙሪያ፣ በነጭ ክር ተሰፍተው ተዘግተዋል። ክሩን አየሁት፤ የጥርስ ክር ነው። ከፋርማሲ የሚገዛ፣ ሰም የተቀባ የጥርስ ክር! አንዱ ምስኪን የላላ ቅጠል ሊያጠብቅ ብሎ ያበላሸው መሰለኝ። በሥራ ዘመኔ ስንት የማይረባ ጥገና ፈትቻለሁ! መቀሴን አንሥቼ ቆረጥኩት። እያፏጨሁ ነበር።

ጥራዙ ሲከፈት ሽታ አልነበረውም። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም፤ መጽሐፉ በሙሉ ጭስ ጭስ እየሸተተ፣ እነዚያ አራት ቅጠሎች ምንም አይሸቱም ነበር። የመጀመሪያው ቅጠል ፊቱ የወንጌሉ መጨረሻ ነው፤ ጀርባው ላይ በሌላ እጅ አዲስ ጽሑፍ ይጀምራል። በስመ አብ ብሎ ይነሣል። ጸሎት ነው አልኩ። በየመካከሉ ለስም የተተወ ባዶ ቦታ አለ፤ ሰባት ቆጠርኩ። ብራናው በነዚያ ቦታዎች ተፍቋል። ይህ የተለመደ ነው፤ መጽሐፍ ሲሸጥ የቀድሞው ባለቤት ስም ይፋቃል። በሦስተኛው ቅጠል ላይ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ተሥለዋል። ወደ መስኮቱ ሳነሣው ከበረዶው የሚመጣው ብርሃን በዓይኖቹ ብሌን አልፎ ደረቴ ላይ ሁለት ነጥብ ሆኖ አረፈ። «ብል በልቶታል» ብዬ ቅጹ ላይ ጻፍኩ።

አላነበብኩትም። እውነቱ ይህ ነው። ጽሕፈቱ ደቃቅ ነበር፣ ግእዙ ከባድ ነበር፣ በነጋታው ሺፍት ነበረኝ። መግቢያው ጸሎት ስለሆነ ሁሉም ጸሎት ነው አልኩ።

በእኛ ዘንድ መጽሐፍ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ሰው ስሙ እንዲታሰብ ውስጡ ይጻፍለታል። ባዶ ቦታ ተዘጋጅቶ ሳገኝ ደስ አለኝ። ለወይዘሮ የሺ ኮል አድርጌ የቤተሰቡን የክርስትና ስም ጠየቅሁ። ቀይ ቀለም በጥብጬ በሸምበቆ ብርዕ፣ ባለኝ ጥንቃቄ ሁሉ፣ ጻፍኩ፦ የአቶ ፈንታን፣ የወይዘሮ የሺን፣ የሁለቱን ልጆች። በአምስተኛው ቦታ የልጄን የሊዲያን ክርስትና ስም ጨመርኩ፤ የደጓሽ ዋጋ ይህ ነው፣ በጸሎት መታሰብ። ሁለት ቦታ ባዶ ቀረ። ቀለሙ ባልተፋቀው ብራና ላይ ቶሎ ይደርቃል። በነዚያ ቦታዎች ግን እስከ ማግሥቱ እርጥብ ሆኖ ቆየ።

«ከጫፍ እስከ ጫፍ አየኸው?» አሉኝ መሪጌታ በስልክ።

«አየሁት።»

የርክክቡ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ቆሞ ነበር፤ ወይዘሮ የሺ ከሁለቱ ልጆቻቸው ጋር ከፊት። ስሞቹ ያሉበት ቅጠል ላይ ክር አድርጌ ለመሪጌታ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው በዚያ ድምፃቸው ማንበብ ጀመሩ። የመጀመሪያውን ስም ሲጠሩ ሕዝቡ አሜን አለ። ሁለተኛውን ጠሩ፤ አሜን። ሦስተኛውን ሲጠሩ ድምፃቸው ዘገየ፤ ሰው መንገድ ላይ ሆኖ ከኋላው ኮቴ የሰማ ያህል። ምላስ የለመደውን አያቆምምና አራተኛውንም ጠሩ፤ ሕዝቡም አሜን አለ። ከዚያ ቆሙ። ከመጽሐፉ ላይ ዓይናቸውን አንሥተው እኔን አዩኝ። በዚያች ቅጽበት ነው ጆሮዬ የሰማውን ልቤ የተረጎመው። ጸሎት አልነበረም። አንደበታቸው ይታሰር፣ እንቅልፋቸው ይወሰድ፣ በራቸው ይጥፋባቸው የሚል ነበር። ግእዝ የማይሰማው ሕዝብ በገዛ ወንድሞቹ ላይ አራት ጊዜ አሜን ብሏል።

መሪጌታ መጽሐፉን ዘጉ። ሰው እንዳይደነግጥ ብለው የታወቀውን ምርቃት በዜማ ጀመሩ። በመካከሉ ድምፃቸው ተሰነጠቀ፤ እንደ ደረቅ እንጨት። ሰው እርጅና ነው አለ። ከዚያ ቀን በኋላ በሹክሹክታ እንጂ በድምፅ አልተናገሩም። ሐኪሙ የድምፅ ጅማታቸው አንዱ ሽባ ሆኗል አለ፤ ምክንያቱን አላገኘም። እኔ ከመጽሐፉ ጋር አላያይዘውም። ከዚያች ዕለትም ግን ልለየው አልቻልኩም።

ማክሰኞ ዕለት በቤተ መጻሕፍቱ ባለው የብርሃን ጠረጴዛ ላይ፣ በቀን፣ ሰው እየገባ እየወጣ፣ መሥራት የነበረብኝን ምርመራ ሠራሁ። ከቅጠሎቹ ጫፍ ላይ የጥርስ ክሩ ያለፈባቸው ቀዳዳዎች አዲስ ናቸው። ከነሱ ጎን ሌላ ረድፍ አሮጌ ቀዳዳ አለ፤ ከዚያም ሌላ፤ ከዚያም ሌላ። አራት ረድፍ። ጥራዙ አራት ጊዜ ተሰፍቶ ነበር ማለት ነው፤ አሮጌዎቹ ሦስቱ ደግሞ በየተራ ተፈትተዋል። የተፋቁትን ቦታዎች ከጎን በሚበራ አግድም ብርሃን አየሁ። ከእኔ ቀይ ቀለም ሥር፣ አንዱ በአንዱ ላይ፣ የሦስት ቤተሰብ ስም ነበር። ሻጭ ስም ሲፍቅ ብራናውን አርሶ በድንጋይ ያለሰልሰዋል። እነዚህ ግን በደረቁ፣ በቢላ፣ በችኮላ የተፋቁ ናቸው። የቅጠሎቹ ማዕዘን ነጭ ነው፤ ገልጦ ያነበባቸው ሰው የለም። የጠቆረው በስሞቹ ቦታ ብቻ ነው፤ ሰው ጣቱን እያሳረፈ የቆጠረ ይመስል። የዓይኖቹም ብሌን ብል አልበላውም። በመርፌ ነው የተወጋው፤ አንዱ ሊያሳውረው ፈልጎ።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ሰው ይሰፋዋል፤ ሌላ ሥራ አዋቂ መጥቶ ይፈታዋል፣ ስም ይጽፍበታል፤ ቤተሰቡ ይደነግጣል፣ ይፍቃል፣ ይሰፋል። አራተኛው ፈቺ እኔ ነኝ። የብርሃን ጠረጴዛውን አጥፍቼ ለብዙ ጊዜ እጄን አየሁት።

ለማን ልናገር? ለልጄ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች።

«አባ፣ ሲሪየስሊ? እርግማን ምናምን?»

«ስምሽን ጽፌበታለሁ።»

«ኖ፣ እሱን ተወው። ቅጹ ላይ አንብቤዋለሁ ብለህ ሳይን አድርገሃል?»

«አዎ።»

«ባት አላነበብከውም።»

«አላነበብኩትም።»

ሊዲያ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለች ያላነበበችውን መጽሐፍ አንብቤያለሁ ብላ ለአስተማሪዋ ዋሽታ ነበር። ሦስት ቀን ሳሎን ውስጥ አቁሜ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ጮክ ብላ እንድታነበው አድርጌአለሁ። ስታለቅስም አላስቀመጥኳትም።

«እኔ በእርግማን አላምንም» አለች ሊዲያ። «ስሜን ግን ሳትጠይቀኝ ጻፍክ። ዋሸህ። እኔን እግሬ እስኪያብጥ አቆምከኝ። ለሴትዮዋ ነግረሃታል?»

«መሪጌታ እስኪሻላቸው...»

«ኖ። ቁም፣ አባ። ተነሥተህ ቆመህ ንገራት። ከዚያ በፊት ኮል እንዳታደርግልኝ።»

ሄድኩ። ወይዘሮ የሺ ሳሎን ውስጥ ወንበር ሰጡኝ፤ አልተቀመጥኩም። ሁሉን ነገርኳቸው። ክሩን ስጠራ ፊታቸው ተለወጠ።

«ያን ክር ቆረጡት?»

«ቆረጥኩት።»

«እሱ ነው የሰፋው። ልጆቹን 'እንዳትነኩት' ይላል፣ እኔን 'አትጠይቂኝ' ይላል። በየዓመቱ አውጥቶ ክሩን በጣቱ ይዳብሰውና መልሶ ያስቀምጠዋል።»

«ለምን አልነገሩኝም፣ ወይዘሮ የሺ?»

«መቼ ጠየቁኝ?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ያ ነው የከፋው።

በዚያ ሳምንት እንቅልፍ እንዳጡ ሰማሁ። ተነሥተው የቤቱን በር ይፈትሻሉ አሉ ልጆቻቸው፤ አንድ ጊዜ እኩለ ቀን ላይ ግቢያቸው ውስጥ ቆመው መግቢያው የት እንደሆነ ጎረቤት ጠይቀዋል። የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ መጽሐፉ ይውጣ አሉ። ወይዘሮ የሺ ይቃጠል አሉ። ወይዘሮ የሺና እኔ ከመሪጌታ ጋር እሳቸው ቤት ተሰበሰብን። መሪጌታ በሹክሹክታም ደክመው ስለነበር በወረቀት ላይ ይጽፋሉ፣ እኔ አነባለሁ።

«የመጀመሪያው ቅጠል ፊት ወንጌል ነው» ብለው ጻፉ። «ወንጌል አላቃጥልም። ወታደሩ እኔ አልሆንም።»

«የልጆቼ ስም ይፋቅ!» አሉ ወይዘሮ የሺ።

«ሦስት ጊዜ ተፍቋል። ባዶ ቦታ ሁልጊዜ ሰው ይጽፍበታል።»

ከዚያ ቢላቸውን አንሥተው አምስቱን ስም ፍቀው ቦታውን በእርጥብ ድንጋይ ቀስ ብለው አለሰለሱ። ብርዓቸውን ነክረው በሰባቱም ቦታ የራሳቸውን የክርስትና ስም ጻፉ። ልከለክላቸው እጄን ዘረጋሁ፤ በብርዑ ጫፍ መቱኝ። ወይዘሮ የሺ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያዩ ነበር። ሰባተኛው ሲያልቅ መሪጌታ ወረቀቱን ሳቡና፣ «አሁን ስፋው። አዲስ ቀዳዳ አትብሳ» ብለው ጻፉልኝ።

በአሮጌዎቹ ቀዳዳዎች በተልባ እግር ክር ሰፋሁት። በሕይወቴ እንዲህ የተጠነቀቅሁበት ስፌት የለም። ስጨርስ አንድ ትንሽ ብራና ሰጡኝ። እሳቸው በዓይናቸው እየተከተሉኝ በግእዝም በአማርኛም ጻፍኩ፦ ይህ ጥራዝ ከቅዱሳት መጻሕፍት አይደለም፤ ሰው ይጎዳል ተብሎ ተሰፍቷል፤ ግርማቸው የተባለው ደጓሽ ሳያነብ ፈትቶት ነበር፤ አንተም እንዳትፈታው። ከሽፋኑ ውስጥ ለጠፍኩት። ከእኛ በፊት የሰፉት አራቱ ያላደረጉት ይህን ነው። አቶ ፈንታም ቢሆኑ ዝም አሉ እንጂ አልጻፉም። ያ የአንጾኪያ ጳጳስ ብልህ ነበር፤ በሩን ከመዝጋቱ ይልቅ ለምን እንደዘጋው መጻፉ ነው የሚበልጠው። ምክንያቱ ሳይጻፍ የተዘጋን ነገር፣ መቀስ የያዘ ትዕቢተኛ ጥገና አድርጎ ይቆጥረዋል።

ከዚያ በኋላ የመመርመር ሥራውን ለሌላ አስረከብኩ፤ ማንም አላባረረኝም። መሪጌታ ሁለት ዓመት ኖረው ዐረፉ። በፍትሐታቸው ላይ የቆሙት ደቀ መዛሙርታቸው ናቸው፤ ዜማውን በእጃቸው ምልክት ነበር ያስተማሯቸው። ነገሩ የመጽሐፉ ይሁን የእኛ ፍርሃት አላውቅም፤ የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ ዳግመኛ አልፈርምም።

የወጣውን ዋጋ ልደምር። መሪጌታ ልሳነወርቅ ድምፃቸውን። ወይዘሮ የሺእመቤት የአንድ ዓመት እንቅልፋቸውን፣ በሩን ማመን ስላቃታቸውም የሸጡትን ያን ቤት። አቶ ፈንታ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁትን ስፌት። ሊዲያ ከእኔ ጋር ያልተነጋገረችባቸውን አምስት ወራት፣ እኔም በልጄ ዘንድ የነበረኝን ቃል። ቤተ ክርስቲያኑ ማንም ሊገልጠው የማይፈልግ አንድ ያማረ ወንጌል። ይህ ሁሉ የተከፈለው፣ አራት ቅጠል ለማንበብ በሚበቃ አንድ ሰዓት ፈንታ ነው።